የኖርዘምብሪያን ነገሥታት ሰንጠረዥ እንዴት እናዘጋጅ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ታሪክ ሳስተምር እንደታዘብሁት፣ ተማሪዎች የጥንት እንግሊዝ ነገሥታትን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ረድፍ ይደረድሯቸዋል። ለኖርዘምብሪያ ይህ አያዋጣም። ከሃምበር ወንዝ በስተሰሜን የነበረው ይህ መንግሥት በደቡብ ከዴይራ፣ በሰሜን ከበርኒሺያ ቤት የተገጠመ ነበርና፣ ወረቀትዎን በማስመሪያ ለሁለት ከፍለው የሁለቱን ዘር ጎን ለጎን ያውርዱ፤ ሁለቱንም የገዛውን ንጉሥ ስም ደግሞ መስመሩን አሻግረው ይጻፉ። የጎጃምና የዳሞት ባላባቶች ሲጋቡና ሲዋጉ የኖሩበትን ታሪክ ከአያቶቹ የሰማ ሰው በዚህ አይቸገርም።

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳሉ ይተዋቸው፤ ወሩ የማይታወቅ ድርጊት 7 ይቀነስለት ወይስ 8 መለየት አይቻልምና።

ከስሙ አጠገብ የንጉሡን አወዳደቅ ይጻፉ፤ የመንግሥቱ ዕጣ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ነው። ኤድዊን በ633፣ ኦስዋልድ በ642 በመካከለኛው እንግሊዝ የነበረውን የመርሲያን መንግሥት ከሚገዛው ከፔንዳ ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ፔንዳ ራሱ በ655 በኦስዋልድ ወንድም በኦስዊ ጦር ተገደለ። ኤድዊን የሌሎች ነገሥታት የበላይ ነበር ሲባል ግን አገራቸውን ጠቅልሎ ያዘ ማለት እንዳልሆነ በኅዳግ ያስፍሩ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በጎጃም ዘውድ ጭነው የዐፄ ዮሐንስን የበላይነት ይቀበሉ ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው ከ633 እስከ 634 ያለውን ዓመት ነው። ኤድዊን ሲሞት ኦስሪክ ዴይራን፣ ኤንፍሪዝ በርኒሺያን ያዙ፤ ሁለቱም ክርስትናቸውን ክደው ወደ ጣዖት ተመለሱ፣ ብዙም ሳይቆዩ ከእንግሊዞች በፊት በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩት የብሪቶኖች ንጉሥ በሆነው በካድዋሎን እጅ ጠፉ። መነኩሴው ቤዳ እንደጻፈው፣ ዘመነ መንግሥት ቆጣሪዎች የከሃዲዎቹን መታሰቢያ ፍቀው ዓመቱን ለኦስዋልድ ጨመሩለት፤ 8 ዓመት ገደማ የገዛው ኦስዋልድ 9 የሚባለው ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ሁለቱን ስሞች አይፋቁ፣ በየዓምዳቸው ያስገቧቸው።

ቀጥሎ በሁለቱ ዓምዶች መካከል የጋብቻ መስመር ያስምሩ፤ የበርኒሺያው ኦስዊ የኤድዊንን ልጅ ኤንፍሌድን አግብቷል። እሱ የፋሲካን ቀን በአየርላንድ መነኮሳት ስሌት፣ እሷ በሮም ስሌት ያከብሩ ስለነበር፣ ንጉሡ ጾም ፈትቶ ፋሲካን ሲያከብር ንግሥቲቱ ገና ሆሳዕና ላይ ሆና የምትጾምበት ጊዜ ነበረ። በአንድ ጣሪያ ሥር ለአንዱ ዶሮ ወጥ፣ ለሌላው ሽሮ እንደሚቀርብ ያስቡት! በ664 ኦስዊ በዊትቢ ጉባኤ ለሮም ስሌት ፈረደ።

በ685 የኦስዊ ልጅ ኤግፍሪዝ በዛሬዋ ስኮትላንድ ይኖሩ የነበሩትን ፒክቶችን ሊወጋ ሄዶ ሲሞት የግዛቱ መስፋት አበቃ። ከዚያ ወዲህ ያሉት በአጭሩ ይለፉ፤ ብቻ ከተገደለውና ከተሻረው ሌላ «መነኮሰ» የሚል ምልክት ያዘጋጁ፣ ቼዎልዉልፍ በ737 ዙፋኑን ትቶ ሊንዲስፋርን ገዳም ገብቷልና።

ከዴንማርክ የመጡት ዴኖች በ866 የዴይራን ከተማ ዮርክን ያዙ፤ ሊያስመልሷት የሞከሩት ሁለቱ ተቀናቃኝ ነገሥታት ኦስበርትና ኤላም በ867 ወደቁ። እዚህ ላይ የዴይራን ዓምድ በወፍራም መስመር ይዝጉ። በበርኒሺያ ምሽግ በባምበርግ የአገሬው ገዦች ስለቀጠሉ የበርኒሺያው ክፍት ይቆይ።