የአጋዘን ሥጋን ጣዕም ከዝርያ ዝርያ ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብሪታንያ ስድስት የአጋዘን ዝርያዎች በዱር ይኖራሉ። ሬድ ዲርና ሮ ዲር የአገሩ ነባር እንስሳት ናቸው። ፋሎው ዲርን እንግሊዝን ከፈረንሳይ መጥተው የያዙት ኖርማኖች በ11ኛው ክፍለ ዘመን አስፋፉት፤ ሲካ በ1860 ከምሥራቅ እስያ ገባ፤ ሙንትጃክና የቻይና የውኃ አጋዘን ደግሞ ከባላባቶች አጥር ግቢ አምልጠውም ሆነ ተለቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በዱር ተባዙ። የስድስቱም ሥጋ ይበላል፤ የትኛው እንደሚጣፍጥም አዳኞች፣ ሥጋ ሻጮችና ምግብ አብሳዮች ሲከራከሩ ይኖራሉ። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ብዙ ሰው የዝርያ ልዩነት የሚለው ነገር በአብዛኛው የፆታ፣ የወቅት፣ የዕድሜና የአያያዝ ልዩነት በመሆኑ ነው። የዝርያው ድርሻ አለ፤ ግን የሚታየው እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

በአገር ቤት አውሬ መለካት

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአጋዘን ሥጋ ሲቀርብለት ስለ ድኩላ፣ ስለ ሚዳቋ ወይም ስለ ባሌው የደጋ አጋዘን የሰማውን ይዞ ይቀርባል። እነዚህ የእኛ አውሬዎች ግን ቀንዳቸው የማይረግፍ፣ በዝምድናም ለከብትና ለፍየል የሚቀርቡ ናቸው። የአውሮፓው አጋዘን ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ የሚያበቅል የሌላ ቤተሰብ እንስሳ ነው፤ ይህ ቤተሰብ ከሰሐራ በስተደቡብ በተፈጥሮ አይገኝም። ስለዚህ የአገር ቤቱን ትዝታ ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይበጃል።

ከየትኛው ብልት እንደተቆረጠ አለመጠየቅ

የሮ ዲር ሽንጥ ጥብስ የቀመሰና በማግስቱ የሬድ ዲር ወርች ወጥ የበላ ሰው «ሮ ለስላሳ ነው፤ ሬድ ግን ይጠነክራል» ቢል፣ ያነጻጸረው ሽንጥንና ወርችን እንጂ ሁለት ዝርያዎችን አይደለም። ሽንጥ ከየትኛውም ዝርያ ቢወሰድ ይለሰልሳል፤ ወርች ቀኑን ሙሉ ክብደት ሲሸከም የሚውል፣ ጅማት የበዛበት ብልት ነው። ሽንጥ ከሽንጥ፣ ታፋ ከታፋ ጋር ይቅረብ።

ፆታንና ወቅትን መዘንጋት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የሬድ ዲር ወንድ ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ባለው የስሪያ ወቅት መብላቱን ከሞላ ጎደል ይተዋል። ሌት ተቀን እያገሣ ተቀናቃኞቹን ሲያባርር ይከሳል፤ በራሱ ሽንት በራሰ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፤ ቆዳውም የወጠጤ ፍየልን የሚያስታውስ ጠረን ይይዛል። ገፋፊው ቆዳውን የነካበትን እጅና ቢላ ሳይታጠብ ሥጋውን ከነካ ጠረኑ ወደ ሥጋው ይሸጋገራል። ያው ወንድ በኦገስት፣ የበጋውን ሣር ጠግቦ ጮማ በያዘበት ጊዜ ቢታደን፣ በጠረንም በልስላሴም ፈጽሞ የተለየ ሥጋ ይሰጣል። እንግዲህ በኦክቶበር የተገደለ የሬድ ዲር ወንድ ቀምሶ «ሬድ ይከረፋል» ብሎ መደምደም ዝርያውን ባልሠራው ወንጀል መክሰስ ነው።

የአደን ሕጉም ሳናስተውለው ሚዛኑን ያዛባዋል። በእንግሊዝ የሬድ፣ የፋሎው፣ የሲካና የሮ ሴቶች የሚታደኑት ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ስለሆነ፣ በኦክቶበር ከእነዚህ ዝርያዎች ትኩስ የዱር ሥጋ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የወንዱን ነው። ሙንትጃክ ግን በማንኛውም ወር ስለሚወልድ የተከለከለ ወቅት የለውም፤ ወንዱም እንደ ሬድ በተወሰነ ወቅት ራሱን የሚያጎሳቁልበት ስሪያ አያውቅም። ሙንትጃክ «ምንጊዜም አይከዳም» ተብሎ የሚመሰገነው በከፊል ጣፋጭ ስለሆነ፣ በከፊል ደግሞ እንደ ሌሎቹ በመጥፎ ወቅቱ ስለማይቀመስ ነው።

ዕድሜን በዝርያ ስም መጥራት

የሬድ ዲር ወንድ እስከ 190 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ሮ ዲር ግን ከ10 እስከ 25 ኪሎ ነው። ከዚህ በመነሣት ትልቁ ጠንካራ፣ ትንሹ ለስላሳ ነው የሚል ግምት ተለምዷል። ነገር ግን ዓመት ያልሞላው የሬድ ግልገል ካረጀ የሮ ወንድ ይልቅ ለጥርስም ለምላስም የቀለለ መሆኑን የቀመሰ ያውቀዋል።

ከጥይቱ በኋላ የሆነውን ሁሉ መተው

እንስሳው ሳያውቅ በአንድ ጥይት ከወደቀ፣ በጡንቻው የተከማቸው ስኳር ከሞት በኋላ ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለወጥ የሥጋው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ7 አካባቢ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ለጣዕሙም ለመቆየቱም ይበጃል። ቆስሎ ረጅም መንገድ ከሮጠ ግን ያ ስኳር በሩጫው ያልቃል፤ አሲዱ ሳይፈጠር ይቀራል፤ ሥጋውም ጠቆር ያለ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅና ቶሎ የሚበላሽ ይሆናል። ጥይቱ ሆድ ዕቃውን በስቶ ከሆነ ወይም ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ከዘገየ በምንም ቅመም የማይሸፈን ሽታ ይከተላል። «የአውሬ ሥጋ ሽታ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የአያያዝ ጉድለት ነው።

ማቀዝቀዝም የራሱ ጣጣ አለው። ጡንቻው ከሞት በኋላ ገና ግትር ሳይል ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ ተኮማትሮ ይጠነክራል። የሮና የሙንትጃክ በድን ቀጭን ስለሆነ በሬድ ክብደት ልክ በተስተካከለ ማቀዝቀዣ ቢገባ ይህ ችግር ቶሎ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ክፍል ተሰቅሎ የሚቆይበት ጊዜ ይመጣል፤ ለሮ ጥቂት ቀናት ሲበቁት ሬድ አንድ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሁለት ሳምንት የተሰቀለን ሥጋ በሁለተኛ ቀኑ ከተበለተ ጋር ማወዳደር የትዕግሥት እንጂ የዝርያ ውድድር አይሆንም።

ስቡን እንደ በሬ ጮማ መቁጠር

ለጥሬ ሥጋ ከጮማ ጋር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የአጋዘን ብርንዶ ስብ እምብዛም የለውም፤ ያለው ስብ በአብዛኛው ከቆዳው ሥርና ከሆድ ዕቃው ዙሪያ የሚከማች፣ ለመቅለጥ ከፍ ያለ ሙቀት የሚፈልግ ነው። ጥብሱ ሳህን ላይ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ስቡ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ትናጋ ላይ ይለጠፋል፤ ቀጥሎ የሚቀመሰውንም ያደበዝዛል። በመጸው ወራት የሰባ ፋሎው ከነስቡ፣ የከሳ ሬድ ደግሞ ያለ ስብ ቢቀርብ ቀማሹ የሚፈርደው በስቡ ላይ ነው። ከሁሉም ላይ ስቡ ይገፈፍ፤ ሳህኑም ይሙቅ።

በበርበሬና በንጥር ቅቤ መሸፈን

ለመብላት ከሆነ አዋዜውም ቂቤውም ያምርበታል፤ እንዲያውም ስብ ለሌለው ሥጋ ንጥር ቅቤ እጅግ ይስማማዋል። ለማነጻጸር ግን በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ በሎሚ ማጠብ ወይም በወይን ጠጅ መዘፍዘፍ ስድስቱን ዝርያዎች አንድ ያደርጋቸዋል። ጨው ብቻ ነስንሶ፣ እኩል ውፍረት ያለውን ቁራጭ በጋለ መጥበሻ ላይ ጠብሶ መሐሉ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ማውጣትና ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሥጋው ግራጫ ይሆናል፤ ከብረት የተቀላቀለ የጉበት ጣዕምም ያመጣል፤ ብዙዎች የሚጠሉትና ለዝርያው የሚሰጡት ጣዕም ይኸው ነው። ጥሬ ክትፎ አድርጎ መቅመስ ግን አይመከርም፤ አጋዘን ኢ. ኮላይ ኦ157ንና ቶክሶፕላዝማን የመሳሰሉ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ሊሸከም ስለሚችል የተፈጨ ሥጋ በደንብ መብሰል አለበት።

«ቬኒሰን» የሚለውን ጽሑፍ ማመን

በሱፐርማርኬት ማሸጊያ ላይ «ቬኒሰን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የአጋዘን ሥጋ ማለት እንጂ ዝርያን አይናገርም፤ ሥጋው ከኒው ዚላንድ የመጣ፣ በእርሻ ያደገ ሬድ ዲር ሊሆንም ይችላል። የእርሻው እንስሳ በወጣትነቱ ስለሚታረድ ጣዕሙ የተመጠነ ነው። እሱን ከዱር ሮ ጋር አቅርቦ «ሬድ ከሮ ይቀላል» ማለት አይቻልም። ማሸጊያው ዝርያውን፣ ፆታውንና የታደነበትን ወር ካልነገረዎት ሻጩን ይጠይቁ፤ የማያውቅ ሻጭ ሥጋው ለማነጻጸሪያ አይሆንም።

ጠንካራውን አስቀድሞ መቅመስ

ጣዕሙ ከቀለለው ወደ ጠነከረው መሄድ፣ ቀማሹም ስሙን ሳያውቅ እንዲቀምስ ማድረግ ይገባል። ይህ ሁሉ ከተጠበቀ የሚቀረው ልዩነት፣ በእኔ ሚዛን፣ እንዲህ ነው። የቻይናው የውኃ አጋዘንና ሙንትጃክ ቀለል ያሉ፣ ወደ ጥጃ ሥጋ የሚያዘነብሉ ናቸው። ሮ የሥጋው ክር የላመ ሲሆን ከቁጥቋጦ ቀንበጥና ከቅጠል መርጦ የሚበላ በመሆኑ ይመስለኛል ጣፈጥ ያለ ጠረን አለው። ፋሎው መሐል ላይ ይቀመጣል። ሲካ ከስሙ በላይ ወዛምና ባለ ጣዕም ነው፤ ተገቢውን ክብር ያላገኘ እሱ ነው እላለሁ። ሬድ ከሁሉም የጠለቀ፣ ብረት ብረት የሚል ጣዕም አለው። ስድስቱን በእኩል ሚዛን ለመሞከር የሚመቹት ኖቬምበርና ዲሴምበር ናቸው፤ የሁሉም ዝርያዎች ሴቶች የሚታደኑበት፣ የመጸው ስባቸውም ገና ያልከሳበት ጊዜ ነውና ሻጩን የወጣት ሴት ሽንጥ ብለው ይዘዙት።