ደብዳቤው እውነት ነው? ከመለጠፋችሁ በፊት የሚያዝ መዝገብ

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ብዙ ብሎገር እዚህ ሲደርስ ማንበብ ያቆማል። አንቀጽ 6 ላይ ግን የሚጠቅም ነገር አለ፦ ተናጋሪው በነበረበት ሁኔታ የንግግሩን እውነትነት ለማረጋገጥ ተገቢ ጥረት ካደረገ፣ ወይም ንግግሩ ከዜና ይልቅ ወደ ፖለቲካ አስተያየትና ትችት ካዘነበለ፣ እንደ ሐሰተኛ መረጃ አይቆጠርም። ጥረቱን ለማሳየት ታዲያ ወረቀት ያስፈልጋል።

ምሳሌ እንያዝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ፒያሳ ያሉ ንግድ ቤቶች በሦስት ቀን እንዲለቁ የሚያዝ የወረዳ ደብዳቤ በቴሌግራም ደረሳችሁ። ነጋዴው ቴሌቪዥኑን አያምንም፤ እናንተ ምን እንደምትሉ ነው የሚጠብቀው።

መጀመሪያ ምስሉን ሳትነኩ አስቀምጡ። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፤ የተነሳበትን ሰዓትና የስልኩን ዓይነት የያዘውን መረጃም ይጥላል። ስለዚህ ላኪው ፋይል አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ከየትኛው ቻናል እንደመጣና መቼ እንደደረሳችሁ ጻፉ። «3:00» ብቻ ካላችሁ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ሰዓት ኋላ ራሳችሁም አታውቁትም።

ከዚያ ደብዳቤውን ከላይ ወደ ታች መርምሩ። ቁጥር አለው? ቀኑ የሥራ ቀን ነው? ከጳጉሜ በቀር ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ በዓመቱ ውስጥ እያንዳንዱ ወር የሚብተው ካለፈው በሁለት ዕለት ገፋ ብሎ ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ስለዋለ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ ነው። እሑድ ቀን የተጻፈ የወረዳ ደብዳቤ ያጠራጥራል። ማህተሙን አጉሉት። በእጅ የተመታ ማህተም ብዙ ጊዜ ፊርማውን ወይም ቲተሩን (የኃላፊውን ስም የያዘውን ማህተም) ረግጦ ያልፋል፤ ቀለሙም አንድ ቦታ ደምቆ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ከሌላ ደብዳቤ ተቆርጦ የተለጠፈ ከሆነ ዙሪያው ነጭ ወይም ግራጫ ጥላ ይይዛል፣ በሥሩ የሚያልፈው ጽሑፍም ድንገት ይቆረጣል። ግልባጩንም አትዝለሉ፤ በ2017 በተጻፈ ደብዳቤ ላይ «ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» የሚል ካያችሁ፣ ያ መሥሪያ ቤት በ2014 ፍትሕ ሚኒስቴር ሆኗልና ከአሮጌ ደብዳቤ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። እርግጥ በእኛ ቢሮዎች ትክክለኛው ደብዳቤም ስህተት አያጣም። ስለዚህ በመልኩ ብቻ አትፍረዱ።

ጠዋት ሱቆቹ ሲከፈቱ ሁለት ሦስት ነጋዴ ጠይቁ። ደብዳቤው በእጃቸው ከደረሰ ቁጥሩን ከእናንተው ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ወረዳው ነው። ስልክ ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ የደወላችሁበትን ቁጥርና ሰዓት መዝግቡ፣ «ደውዬ አላነሱም» ብቻውን አያስኬድም። አጭር የጥያቄ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ይደረግላችሁ። መልስ ባይመጣ እንኳ ይህች ቅጂ ከስክሪንሾት ክምር ትበልጣለች። አንቀበልም ካሉ የእምቢታውን ቀን፣ ሰዓትና የሠራተኛውን የሥራ መደብ ጻፉ።

የመንግሥት ሚዲያን «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ባለሥልጣኑ ምን እንዳለ ለማወቅ ግን ደህና ምንጭ ነው፤ መሬት ላይ የሆነውን ለማወቅ ነው የማይበቃው። ዘገባውን ከነቀኑ አስቀምጡ።

ፎቶውን እንዳለ መለጠፍ አደጋ አለው። ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ «ለእገሌ ይመራ» ከተባለ ቅጂው ከየትኛው ጠረጴዛ እንደወጣ ይታወቃል፤ ምንጫችሁ በአንድ ቀን ይለያል። ቃሉን መልሳችሁ ተይቡት። በመዝገባችሁም የምንጭ ስም አይግባ፣ መዝገቡ ሊያዝ ይችላልና። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ብሎገሮች በጸረ ሽብር ሕጉ ሲከሰሱ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። በጥቅምት 2008 ፍርድ ቤት እስከዚያ ክሳቸው ያልተቋረጠላቸውን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው፤ እስከዚያው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ታስረዋል።

ስትጽፉ ያያችሁትን፣ የተነገራችሁንና የራሳችሁን ትችት በተለያየ አንቀጽ አስፍሩ። ስህተት ከተገኘ አትሰርዙ፤ መሰረዝ መደበቅ ይመስላል፣ የራሳችሁንም ማስረጃ ያጠፋል። ከላይ እርማቱን ከነሰዓቱ ጨምሩ።

መጥሪያ ከመጣ ወይም ከተያዛችሁ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ዝም የማለት መብትና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለ፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው። ፖሊስ ለምርመራ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። የጠበቃችሁን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ከመዝገቡ ቅጂ ጋር ከቤታችሁ ውጭ ለሚኖር ዘመድ ስጡ፤ መጀመሪያ የሚወሰደው የእጅ ስልካችሁ ነው።