በሰርጓጅ የሰመጠችን የጭነት መርከብ ታሪክ ከመዛግብት እንዴት እናገኛለን?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ሰርጓጅ የሰመጠችን የጭነት መርከብ ታሪክ ማጥናት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚይዘው ስሟንና የሰመጠችበትን ቀን ነው፤ ሁለቱም ግን ሊያሳስቱት ይችላሉ። ለምሳሌ የእንግሊዟ የእንፋሎት መርከብ ጋይርሶፓ በ1919 እ.ኤ.አ. ስትሠራ አስቀድሞ የተሰጣት ስም ዋር ሮበክ ነበር። ስለዚህ ሎይድስ ሬጅስተር ከተባለው ዓመታዊ የመርከቦች መዝገብ የባለቤቷን ድርጅት፣ የተሠራችበትን ዓመትና ቶኔጇን (የመጠን ልኳን) አብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ቀኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጋይርሶፓ በቶርፔዶ የተመታችው እኩለ ሌሊት ገደማ ሲሆን፣ የጀርመን ሰርጓጆች በሄዱበት ባሕር ሁሉ የበርሊንን ሰዓት ይይዙ ስለነበር፣ አንዱ መዝገብ ፌብሩዋሪ 16፣ ሌላው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1941 ይላል። ወደ እኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ወደ የካቲት 1933 ዓ.ም. መመለሱ ማመሳከሩ ካለቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ ስሕተት በስሕተት ላይ ይደራረባል።

ቀጥሎ የሁለቱን ወገን ሰነዶች ጎን ለጎን ማንበብ ነው። በለንደን ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በአጀብ (በጦር መርከብ እየተጠበቁ በቡድን) ስለተጓዙ መርከቦች የተጻፉትን ሰነዶች ይዟል፤ የጀርመን ሰርጓጆች የውሎ መዝገቦች ደግሞ በጀርመኗ ፍራይቡርግ ወታደራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ጋይርሶፓ ከሴራሊዮኗ ፍሪታውን ከተነሣው፣ ኤስ ኤል 64 ከተባለው አጀብ ጋር ስትጓዝ፣ ማዕበል በርትቶ የድንጋይ ከሰሏ እያለቀ በመምጣቱ ተነጥላ ወደ አየርላንዷ ጎልዌይ አቀናች፤ የጀርመኗ ሰርጓጅ ዩ-101 የመታቻትም ብቻዋን ሳለች ነው። አጀቡን ለምን እንደተወች የሚያስረዳው የእንግሊዞቹ ወገን ታሪክ ሲሆን፣ የጥቃቱን ሁኔታ የሚመዘግበው የሰርጓጇ ማስታወሻ ነው።

ፍርስራሿ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ 4,700 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ከተገኘ ወዲህ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከውስጧ ስለወጣው ጥፍጥፍ ብር ነው። እኔ ግን ዋናው ፍለጋ የሰዎቹ ነው እላለሁ። ከ80 በላይ ከነበሩት ሰዎች በሕይወት የተረፈው፣ በጀልባ 13 ቀን ተንገላትቶ የእንግሊዝ ጠረፍ ኮርንዎል የደረሰው ሁለተኛ መኮንን ሪቻርድ ኤርስ ብቻ ነው። መቃብራቸው ባሕር የሆነ የእንግሊዝ የንግድ መርከበኞች ስም በለንደኑ ታወር ሂል መታሰቢያ ተቀርጿል። ከሠራተኞቿ አብዛኞቹ ግን ላስካር የሚባሉት የሕንድ መርከበኞች ስለነበሩ፣ እነርሱን የሚፈልግ ሰው ወደ ቦምቤይና ቺታጎንግ መታሰቢያ የስም መዝገብ መሄድ አለበት። ስሞቻቸው በላቲን ፊደል የተጻፉት ጸሐፊው እንደሰማቸው ስለሆነ፣ አንዱን ስም በሦስትና በአራት አጻጻፍ ሳይሞክሩ «የለም» ብሎ መዝገቡን መዝጋት አይገባም።