የክረምት የልጆች እግር ኳስ ስልጠና፦ ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት የሚያልቅ ሥራ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ለስልጠና የሚለቀቁት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ደግሞ ክረምቱ ገብቷል። ስለዚህ ስንት ልጅ እንደሚመዘገብ የሚወስነው ሜዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። መቶ ልጅ የሚችል ሜዳ ይዞ ዶፍ ሲወርድ ሁሉንም በረንዳ ላይ ማጨናነቅ በየዓመቱ የሚታይ ስህተት ነው። ወንበሩ ግድግዳ ጥግ ከተደረደረ፣ 7 በ8 ሜትር የሆነ መማሪያ ክፍል ኳስ ይዘው ለሚንቀሳቀሱ 12 ልጆች ይበቃል። አራት ክፍል ካለ 48 ልጅ ይመዝገብ፤ ከዚያ በላይ የመጣው ለሁለተኛው ዙር ይጠብቅ። ክፍሎቹ የተፈቀዱ መሆናቸው ከሜዳው ጋር በአንድ ደብዳቤ ላይ ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ ይጻፍ። በቃል ብቻ የተያዘ ሜዳ ጠዋት ሲደርሱ የሰፈር ቡድን ሲጫወትበት ሊገኝ ይችላል።

ቀኑ ከጾሙ ጋር ይታይ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ፍልሰታን ትንንሽ ልጆችም ስለሚጾሙ፣ እስከ ቅዳሴ ማብቂያ እህል ያልቀመሰን ልጅ ማሯሯጥ ራሱን እንዲስት መጋበዝ ነው። ከሐምሌ 6 እስከ 30 ያሉት ሳምንታት የተሻሉ ናቸው። የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 ይሰራ።

ለመብረቅ ግን የጠዋት ሰዓት ዋስትና አይሆንም። ብልጭታ ታይቶ 30 እስኪቆጠር ድረስ ነጎድጓዱ ከተሰማ ሁሉም ወደ ክፍል ይገባል፤ የሚመለሰውም የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። ዛፍ ሥር ወይም ግድግዳ በሌለው የቆርቆሮ ዳስ መጠለል መጠለል አይደለም። ጨዋታ የሚያቋርጠው ሰው አንድና አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። አሰልጣኞች እየተያዩ «ትንሽ እንጠብቅ» በሚባባሉበት ደቂቃ ነው ልጆች አደጋ ላይ የሚወድቁት።

ሜዳው ላይ መስመር በኖራ አይሰመር። ኖራ እርጥበት ሲያገኝ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ በሐምሌ ደግሞ እርጥብ ያልሆነ ሜዳ የለም። ጄሶ ይሻላል፤ ለትንንሽ ልጆች እንዲያውም ኮን ብቻ ይበቃል። ጎል አፍ ላይ የሚቋጠረውን ውሃ ለመምጠጥ ሰጋቱራ በስሱ ይበተን። ሲወፍር ራሱ ያንሸራትታል። የየቡድኑ መሥሪያ ቦታ በየቀኑ አሥር ሜትር ያህል ፈቀቅ ካላለ፣ በሦስተኛው ቀን ጭቃ ብቻ ይቀራል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚፈተሸው ተንቀሳቃሹ የብረት ጎል ነው። ልጆች አግዳሚው ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ጎሉ ወደ ፊት ይገለበጣል፣ እንዲህ ያለው አደጋ በተለያዩ አገሮች ልጆችን ገድሏል። የረጠበ መሬት ካስማ አጥብቆ ስለማይዝ፣ ከካስማው በተጨማሪ በአሸዋ የተሞሉ አራት ማዳበሪያዎች በኋለኛው ብረት ላይ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ ይጫኑ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አግዳሚውን ይዘው ወደ ፊት ይሳቡት። ከተነቃነቀ አይሰራበትም።

ኳስ ለሁለት ልጅ አንድ፣ ማለትም 24፣ ከነመጠባበቂያው 28 ይያዝ። ከ8 ዓመት በታች 3 ቁጥር፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት 4 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ 5 ቁጥር ነው። ርካሽ ስፌት ኳስ ውሃ መጥጦ ይከብዳል፤ በዚህ ወቅት ስፌት የሌለው ይመረጥ። የመንፊያው መርፌ ሳይረጥብ ከገባ የኳሱን መተንፈሻ ይቀድዳል። መርፌ ቶሎ ስለሚሰበርም አምስት ይገዛ።

ለአራት ቡድን አራት አሰልጣኝ አይበቃም። ቡድን የማይዝ አምስተኛ ሰው ያስፈልጋል፦ የተጎዳውን ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ በር የሚጠብቅ፣ ለወላጅ የሚደውል። ይህ ሰው ከሌለ፣ አንድ ልጅ ሲወድቅ አሥራ አንዱ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። ከልጆች ጋር የሚውል ማንኛውም ሰው ከወንጀል ነጻ የመሆን የፖሊስ ማስረጃና ዋስ ያቅርብ፤ የሚታወቅ የሰፈር ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍ። አንድ አሰልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ዝግ ክፍል ውስጥ እንዳይሆንም ደንብ ይውጣ።

መመዝገቢያ ቅጹ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ምግብ የሚቆጣው እንደሆነ (በተለይ ኦቾሎኒ)፣ የሁለት ሰው ስልክና ልጁን የሚወስዱትን ሰዎች ስም ይጠይቅ። አስም ያለበት ልጅ የሚነፋውን መድኃኒት እቤቱ ትቶ ከመጣ በዚያ ቀን አይሮጥም። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጡ ልጆች ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በግማሽ ኃይል ይሥሩ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው ከዋዜማው ይሙላ። ፈልቶ የቀዘቀዘ የመጠጥ ውሃ በሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለእጅ መታጠቢያ ሌላ ሦስት፤ እንዳይምታቱ በቀለም ይለዩ። ዳቦና ሙዝ ለሁሉም ይሆናል፣ ረቡዕና ዓርብም ጭቅጭቅ የለውም። ወላጆች ቅያሪ ካልሲና ካኒቴራ ይላኩ፤ ላብ ላይ ዝናብ የወረደበት ልጅ ቶሎ ይበርደዋል።

በመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይጻፉ። አምቡላንስ በጎርፍ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሹፌሩ የታወቀ አንድ መኪና ግቢ ውስጥ ይቁም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን አይጫወትም፤ ካስመለሰው ወይም ካንቀላፋ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰድ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በር ላይ ገንዘብ አይቀበሉ፤ ሰልፉን የሚያስረዝመው እሱ ነው። ለየቡድኑ አንድ ጠረጴዛ ይቁም፣ የልጁ ስም በፕላስተር ላይ ተጽፎ ደረቱ ላይ ይለጠፍ። ቆጠራው ሲገቡ፣ ከእረፍት ሲመለሱ፣ ወደ ጣሪያ ሲገቡና ሲወጡ ነው። በመውጫ ሰዓት ስሙ ቅጹ ላይ የሌለ ሰው ከመጣ፣ ልጁ «አጎቴ ነው» ብሎ ቢሮጥለትም፣ ለወላጅ ተደውሎ ፈቃድ ሳይገኝ አይሰጠውም።