ጆሮ ነው ወይስ ዝንባሌ? የሰሚን መልስ እንዴት እንደምንለካ

«ገና» የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ና» ከጠበቀ በዓሉ ነው። ከላላ ደግሞ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም፤ ጆሮ ግን ይለየዋል።

ሰው ሁለቱን ምን ያህል እንደሚለይ ስትፈትኑ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። አንዱ ትንሽ ከጠረጠረ «ጠበቀ» ይላል። ሌላው እርግጠኛ ካልሆነ አይልም። የሁለቱም ጆሮ ግን እኩል ሊሆን ይችላል። ይህ የመልስ ዝንባሌ ነው። ካልለካችሁት ዝንባሌን የጆሮ ችሎታ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

መጀመሪያ ድምፁን አዘጋጁ። የጠበቀውን «ገና» አንድ ጊዜ ቅዱ። እንደ ኦዳሲቲ ባለ ፕሮግራም ክፈቱትና ከ«ን» ድምፅ መሐል ትንሽ ቆርጣችሁ የላላውን አውጡ። ሁለቱን ለየብቻ መቅዳት አያዋጣም፤ ትንፋሹ ወይም የድምፁ ጉልበት ይለያይና ሰሚው በዚያ ያውቃቸዋል። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት። ማንም ካልተሳሳተ ርዝመታቸውን አቀራርቡ።

ቀጥሎ 50 ጊዜ የጠበቀውን፣ 50 ጊዜ የላላውን አደባልቃችሁ በጆሮ ማዳመጫ አሰሙ። እዚህ ላይ አደራ፣ ለአነጋገራችሁ ተጠንቀቁ። «የጠበቀው እንዳያመልጣችሁ» ካላችሁ ዝንባሌውን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ። «ግማሹ የጠበቀ ነው፣ ግማሹ የላላ። የሰማችሁትን መልሱ» ማለት ይበቃል። ለግማሾቹ ሰዎች የመልስ ቁልፎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሩ። በታኅሣሥ የምትፈትኑ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ሰው የበዓሉን ስም እየጠራ ነውና፣ መልሱ ወደ ጠበቀው ሊያጋድል ይችላል።

አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ቁጠሩ። የጠበቀውን ስንቴ «ጠበቀ» አለ? የላላውንስ ስንቴ በስህተት «ጠበቀ» አለ? አንዷ ሰሚ 45 እና 20 አላት እንበል። ሌላው 30 እና 5 አለው። ሁለቱም ከ100 ያገኙት 75 ነው!

ቁጥሮቹን ለ50 አካፍሉ። የእሷ 0.90 እና 0.40፣ የእሱ 0.60 እና 0.10 ይሆናል። ኤክሴል ላይ ኖርም ኤስ ኢንቭ (NORM.S.INV) በሚባለው ቀመር ወደ ዜድ ለውጧቸው። ዜድ ድርሻው ከግማሹ፣ ከ0.50፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የእሷ 1.28 እና −0.25፣ የእሱ 0.25 እና −1.28 ይመጣል። ስሌቱ ከራዳር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ለመስማት ጥናት አዋሉት።

ከመጀመሪያው ዜድ ሁለተኛውን ቀንሱ። ዲ ፕራይም የሚባለው የመለየት ችሎታ ይህ ነው፤ ለሁለቱም 1.53 ነው። ለዝንባሌው ሁለቱን ዜዶች ደምሩ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ ምልክቱን ገልብጡ። ሲ ይባላል። የእሷ −0.51፣ የእሱ 0.51 ገደማ ነው። ዜሮ ማለት አላጋደለም ማለት ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ «ጠበቀ» ለማለት ይቸኩላል፤ በላይ ከሆነ ይቆጠባል።

አንዱ ሰው 50 ከ50 ካገኘ ወይም አንዴም ካልተሳሳተ ቀመሩ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ በየቆጠራው ላይ 0.5፣ በ50ው ላይ 1 ጨምሩ። ይህን ለአንዱ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም አድርጉት።

የሁለቱን ሲ አማካይ ብታወጡ ዜሮ ይመጣል። ሁለቱም ግን አጋድለዋል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። ስለዚህ ከአማካዩ ጋር የእያንዳንዱን ሰው ቁጥር ለየብቻ ጻፉ።