ፍተሻውና ፊልሙ ሲጣሉ፦ የላይኛው አንገት ጅማቶች

ችግር፦ በሻርፕ-ፐርሰር ፍተሻ (የላይኛው አንገት መላላቱን በእጅ የሚያዩበት) የታካሚውን ግንባር ወደ ኋላ ሲገፉ ጭንቅላቱ ሲንሸራተት በእጅዎ ተሰምቶዎታል፤ የኤምአርአይ ውጤቱ ግን «ጤናማ» ይላል።

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይኸኛው ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ተኝቶ የሚነሳበት የኤምአርአይ አልጋ ነው። የሲ2ን (የሁለተኛውን የአንገት አጥንት) ጥርስ መሰል ጉጥ ከኋላ አቅፎ የሚይዘው ጅማት ሲላላ፣ ሲ1 (የመጀመሪያው የአንገት አጥንት) ታካሚው ሲያጎነብስ ወደ ፊት ይሸሻል። በጀርባው ሲንጋለል ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። እጅዎ የሚያደርገውም ይህንኑ ነውና ምስሉ የተነሳው አጥንቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያንና ጅማትን የሚጎዳ የቁጣ በሽታ) ያለባቸው አንዲት እናት ፊልሞቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሲያጎነብሱ እጃቸው ይደነዝዛል፣ ቀና ሲሉ ይለቃቸዋል። ፊልሞቹ ሁሉ ተኝተው የተነሱ ነበሩ! ተቀምጠው፣ አጎንብሰው በጎን ኤክስሬይ ሲነሱ በሲ1 የፊት ቅስትና በጉጡ መካከል ያለው ክፍተት ወለል ብሎ ታየ።

መፍትሄ፦ «የአንገት ምስል» ብላችሁ አትላኩ። «በጎን፣ ተቀምጦ፣ ቀጥ ብሎና አጎንብሶ» ብላችሁ ጻፉ። ክፍተቱ በአዋቂ ከ3፣ በሕፃን ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ ያሳስባል። ከጉጡ በስተኋላ እስከ ሲ1 የኋላ ቅስት ያለውንም ክፍተት ለኩ፤ በሩማቶይድ ታካሚ 14 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኅብለ ሰረሰሩ አደጋ ላይ ነው፣ ታካሚው ሳይውል ሳያድር ወደ ቀዶ ሐኪም ይሂድ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚያጎነብሰው ታካሚው ራሱ ነው። «ትንሽ ጨምሪ» እያለ ጭንቅላት የሚጫን ባለሙያ አይቻለሁ፤ ከክፍሉ መውጣት ያለበት እሱ ነው። ትናንት መኪና የገጨውን ሰው ደግሞ አትፈትሹት፣ አታስጎንብሱትም፤ አንገቱ ታስሮ ሲቲ ስካን ይነሳ።

ችግር፦ ፍተሻው ምንም አላሳየም፣ ኤክስሬዩ ግን ክፍተት ያሳያል። ኤክስሬዩን እመኑ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሩማቶይድ ታካሚዎች ላይ በወጣ ጥናት የሻርፕ-ፐርሰር ፍተሻ የያዘው ችግሩ ካለባቸው 69 በመቶውን ብቻ ነው።

ችግር፦ የአላር ጅማት (የሲ2ን ጉጥ ከራስ ቅል ጋር የሚያያይዘው) ፍተሻ በአንድ አቀማመጥ ብቻ ላላ። ጣትዎ ከሲ2 የኋላ ጉብታ ሸርተት ብሎ ሲ3ን ይዞ ይሆናል። እንደገና ይያዙ፤ ቀጥ ብሎም፣ አጎንብሶም፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎም ካልላላ አይቁጠሩት።

ችግር፦ ኤምአርአዩ የአላር ጅማት «ነጣ ብሏል» ይላል። ምንም ሕመም በሌለባቸውም ሰዎች ይታያል። በዚህ ብቻ ሕክምና አትጀምሩ።

ችግር፦ አፍ ተከፍቶ በተነሳው ኤክስሬይ ጉጡ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ጭንቅላቱ ዞሮ ይሆናል፤ አስተካክለው ያስነሱት።