ሞዴሎቹ አልገጥም ሲሉ፦ ከደብረ ብርሃን ሳይቶች የተለቀመ ችግርና መፍትሄ

ስልኬ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ይህንኑ ነው፦ «ስትራክቸሩን ሊንክ ሳደርገው ከአርክቴክቱ ጋር አልቀመጥም አለ።» ድሮ አርክቴክቱ፣ ስትራክቸራሉ፣ ሳኒተሪውና ኤሌክትሪካሉ በየቢሮአቸው ሥለው ይልኩ ነበር፤ ስህተቱ የሚታየው አርማታ ከተሞላ በኋላ፣ ቧንቧው ትራቭ ላይ ሲጋጭ ነው። በቢም (የሕንፃ መረጃ ሞዴል) ስንሠራ የሁሉም ሥራ አንድ ላይ ስለሚገናኝ ግጭቱ ገና ኮምፒውተር ላይ እያለ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ግን ሁሉም «ዜሮ እዚህ ነው» ብለው በመጀመሪያው ቀን ከተስማሙ ነው። ሪቪት በሚባለው የቢም ሶፍትዌር ሊንክ ማድረግ (የሌላውን ፋይል ማገናኘት)፣ ሪሎድ ማለት (ማደስ)፣ ዎርክሴት (የሞዴሉን የሥራ ክፍል) መክፈት ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሞዴሎቹ ተራርቀው ወይም ተዛንፈው ይታያሉ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ርቀቱን ለኩ። መንስኤውን ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ልዩነቱ በትክክል 1,000 እጥፍ ከሆነ ሚሊ ሜትርና ሜትር ተምታቷል። ኢምፖርት ስታደርጉ አሃዱን ምረጡ፤ አለቀ።

ወደ ላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከሆነ አንዱ ±0.00ን (የሕንፃውን መነሻ ወለል) ከባሕር ጠለል ጀምሮታል። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ያ ነው። ሌቭሎቹን (የፎቅ ከፍታዎቹን) አትንኩ፤ የባሕር ጠለል ከፍታ ሰርቬይ ፖይንት (የቀያሹ መነሻ ነጥብ) ላይ ይጻፍ።

መስመሮቹ የሚንቀጠቀጡ፣ ክቡ ማዕዘን የሚያወጣ ከሆነ አንድ ሰው የአውቶካዱን ሳይት ፕላን በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚሰጥ የካርታ ሥርዓት) ቁጥሩ እንዳለ «ኦሪጂን ቱ ኦሪጂን» (ዜሮን ዜሮ ላይ) አስገብቶታል። ሪቪት ሥዕሉ ከኢንተርናል ኦሪጂን (ከራሱ የውስጥ ዜሮ) በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል። የእኛ የሰሜን ቁጥር ከምድር ወገብ ስለሚቆጠር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። «ሴንተር ቱ ሴንተር» አስገቡት፣ ከዚያ አክዋየር ኮኦርዲኔትስ በሉ (የቦታውን ቁጥር ከእሱ ውሰዱ)።

ልዩነቱ በሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ በምሥራቅ ከ90 እስከ 100 ሜትር ከሆነ አትጠራጠሩ፤ ዳተም (የቦታ ቁጥር የሚሰላበት የምድር ቅርጽና መነሻ) ነው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎችና መነሻ ነጥቦች አዲንዳን በሚባለው ዳተም ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ካልቀየራችሁት በሌላ ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ይናገራል። ሁለቱም ዞን 37 ሰሜን ይላሉ። ሁለቱም ለደብረ ብርሃን በምሥራቅ 558,000 አካባቢ፣ በሰሜን 1,070,000 አካባቢ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ በዓይን ማየት ብቻውን አይለያቸውም። አንድ ሳይት ላይ ቀያሹ በአዲንዳን የተነደፈውን ሼድ በደብሊው ጂ ኤስ መሣሪያ ችካል መታው። ችካሎቹ 230 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተው ገብስ መሐል አረፉ። ገበሬው በማግስቱ ሳይቱ ድረስ መጥተው «ልጆቼ፣ መሬቴ ተወሰደ እንዴ?» ሲሉ የሁላችንም ፊት ተለወጠ። ኤክስካቫተሩ ተከራይቶ ቆሟል። አንድ መስመር ጽሑፍ፣ «ዳተም፦ አዲንዳን»፣ ሳይት ፕላኑ ጥግ ላይ ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ማስቀረት ይቻል ነበር። ዳተም ያልተጻፈበትን ሳይት ፕላን አትቀበሉ። መልሱ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊትም ቢያንስ ሁለት የታወቁ ነጥቦችን አስለኩ።

አሁን ደግሞ በየሳምንቱ የማየው ችግር።

ልዩነቱ 3.47 ሜትር፣ 0.82 ሜትር ወይም ሌላ ትርጉም የሌለው ቁጥር ከሆነ፣ ወይም ሕንፃው ትንሽ ዞሮ ከታየ፣ ሰው በእጁ አንቀሳቅሶታል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ስትራክቸራሉ የአርክቴክቱን ፋይል ሊንክ ያደርጋል፣ አይገጥምለትም፣ ሙቭ ብሎ አክሲስ (የኮለን መስመር) ሀ-1ን አክሲስ ሀ-1 ላይ ያስቀምጥና ፒን ያደርገዋል (ይቆልፈዋል)። በእሱ ስክሪን ላይ ሁሉም ያምራል። ሳኒተሪውም ለራሱ እንደዚያው ያደርጋል፤ እሱ ግን የተነሣው ከግድግዳ ጥግ ነው። ኤሌክትሪካሉ አልገጥም ሲለው የራሱን ሕንፃ ያንቀሳቅሳል። ሦስቱን ናቪስወርክስ (ሞዴሎችን አገናኝቶ የሚፈትሽ ሶፍትዌር) ላይ ስከፍታቸው በሺዎች የሚቆጠር ክላሽ (ግጭት) ይወጣል። በአንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሁለት ልጆች እነዚያን ክላሾች አንድ በአንድ ሲዘጉ ሁለት ሳምንት አሳልፈዋል፤ ሞዴሉ 30 ሳንቲ ሜትር መሸሹን ያየ አልነበረም። ቦታው ሲስተካከል የቀሩት እውነተኛ ግጭቶች በአንድ ስብሰባ የሚያልቁ ነበሩ። ለእነዚያ ሁለት ልጆች ድካም እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ በቂ ልፋት ለፍተዋል፤ የለፉት ግን በሌለ ችግር ላይ ነበር።

መፍትሄው፦

መጀመሪያ ቦታን የሚወስን አንድ ፋይል ይኑር። አክሲሶች፣ ሌቭሎችና የቀያሹ ነጥቦች ብቻ ይግቡበት፤ ግድግዳ አይግባበት። ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙም በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ፋይል አክዋየር ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ሊንክ የሚደረገው «ባይ ሼርድ ኮኦርዲኔትስ» (በጋራው የቦታ ቁጥር) ነው። ሁለት ሰው በየፊናው ፐብሊሽ ካደረገ (የራሱን ቁጥር ለሌላው ፋይል ከሰጠ) ሁለት እውነት ተፈጠረ ማለት ነው፤ ይህን አጥብቃችሁ ከልክሉ።

ከዚያ ኪዩቡን ሥሩ። እያንዳንዱ ባለሙያ አክሲስ ሀ እና አክሲስ 1 በሚገናኙበት፣ ±0.00 ላይ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ኪዩብ በሞዴሉ ውስጥ ያስቀምጥ። ሁለተኛ ኪዩብ በተቃራኒው ጥግ ይቀመጥ፤ አንድ ኪዩብ ብቻ ከሆነ ትንሽ መዞርን በግልጽ አያሳይም። ሁሉም አይ ኤፍ ሲ (የተለያዩ ሶፍትዌሮች የሚያነቡት የጋራ ፋይል) አውጥቶ ይላክ፤ አስተባባሪው አንድ ላይ ይክፈት። አራት ሞዴል ገብቶ በየጥጉ አንድ ኪዩብ ብቻ ከታየ ገጥሟል። ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዲዛይን ሳይጀመር ይደረግ፤ በየልውውጡም ይደገም። ኪዩቡን «ሥዕሉን ያበላሻል» ብሎ የሚያጠፋ ሰው አለ። አታጥፉ!

ፕሮጀክቱ መሐል ላይ ደርሶ ከሆነስ? የተንቀሳቀሰውን ሊንክ አትመልሱት፤ አውጡትና በአዲስ አስገቡ። እየገፉ ማስተካከል ሌላ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይወልዳል።

ልዩነቱ በአንዱ ጫፍ ዜሮ ሆኖ እየራቀ ሲሄድ የሚያድግ ከሆነ

ይሄኛው ኮምፒውተር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሳይት ላይ ብረቱ ሲቆም ነው። ዩቲኤም ላይ ያለ አንድ ሜትር መሬት ላይ ካለው አንድ ሜትር ጋር እኩል አይደለም። የዩቲኤም ስኬል (ርቀት ካርታው ላይ የሚባዛበት ቁጥር) በዞኑ መካከለኛ መስመር 0.9996 ነው፤ በዚያ ላይ የደብረ ብርሃን ከፍታ ሲጨመር ልዩነቱ በኪሎ ሜትር ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትሠሩ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ «ምንም አልሆነም» ያለው ቀያሽ ደጋ ላይ ሲመጣ ይሳሳታል።

አንድ 144 ሜትር ርዝመት ያለው ሼድ፣ በየ8 ሜትሩ ኮለን፣ ብረቱ አዲስ አበባ ተመርቶ በሞዴሉ ልክ መጣ። የአንከር ቦልቶቹ ቦታ ግን በጂፒኤስ በዩቲኤም ቁጥር ተመታ። በየክፍተቱ 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለ፤ በሜትር የለካው ፎርማን «ልክ ነው» አለ፤ አይፈረድበትም። ማያያዣ ብረቶቹን በመፍቻ እየጎተቱ አሰሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ደወለልኝ፦ «ኢንጅነር፣ ኮለኑ ዘመመ።» አናቱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል። እስከ መጨረሻው ቢቀጥሉ ኖሮ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆን ነበር። ቀሪዎቹን ቦልቶች ሰብረን እንደገና ሞላን፤ የቆመውም ተፈታ።

መፍትሄው፦ ዩቲኤም አንድ ነጥብና አንድ አቅጣጫ ብቻ ይስጣችሁ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ሁሉ በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካው የቀያሽ መሣሪያ)፣ ስኬል ፋክተሩ (ርቀቱን የሚያባዛው ቁጥር) 1.000 ሆኖ፣ ከዚያች ነጥብ ይመታ። ስኬል ፋክተሩ ምን ላይ እንዳለ በዓይናችሁ ሳታዩ መሣሪያውን አታስነሡ። በቃል የተነገራችሁን አትመኑ፤ ስክሪኑን ፎቶ አንሡት። ሰዉ ስለሚቀያየር በየጠዋቱ አንሡት። የብረት ሥራ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው መቁረጥ ሳይጀምር የተመታውን ቦልት ለክታችሁ ወደ ሞዴሉ መልሱ።

ሌሎች፣ በአጭሩ

ክላሹ በዝቶ ቦታው ግን ትክክል ከሆነ፦ ሁሉንም ከሁሉም ጋር አታጋጩ። በመጀመሪያ ስትራክቸር ከዳክትና ከትልልቅ ቧንቧ፣ ቀጥሎ ሌላው። ለእያንዳንዱ ግጭት ባለቤትና ቀን ይመደብ።

ፋይሉ አልከፈትም ካለ፦ አንዱ በአዲሱ ሪቪት ሴቭ አድርጎታል። ወደ ኋላ አይመለስም። የሶፍትዌሩ ዓመት በውል ይጻፍ፤ በመሐል ማንም አፕግሬድ አያድርግ።

የሁለት ቀን ሥራ ከጠፋ፦ ሴንትራሉን (ሁሉም የሚጋራውን ዋና ፋይል) ቀጥታ ከፍተው ሠርተውበት መብራት ሄዷል፣ ወይም በፍላሽ ተቀድቶ ሁለት ሴንትራል ሆኗል። ሎካል (የራሳችሁን ቅጂ) ፍጠሩ፣ ቶሎ ቶሎ ሲንክ አድርጉ (ከዋናው ጋር አገናኙ)፣ ሰርቨሩ ዩፒኤስ ይኑረው።

«የመጨረሻው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ከበዛ፦ ፋይሎች በቴሌግራም እየሄዱ ነው። የአይ ኤስ ኦ 19650ን (በቢም መረጃ አያያዝ ዓለም አቀፍ መመሪያ) አራት ደረጃዎች አራት ፎልደር አድርጓቸው፦ በሥራ ላይ፣ የተጋራ፣ የጸደቀ፣ ማኅደር። ሳይት የሚሠራው ከጸደቀው ብቻ ነው። ከቴሌግራም በወረደ ሥዕል ፌሮ የሚቆርጥ ሳይት ካያችሁ አስቁሙ።

አይ ኤፍ ሲ ሲወጣ ግድግዳው «ፕሮክሲ» (ዓይነቱ ያልታወቀ ነገር) ከሆነ የኤክስፖርት ማፒንጉን (የትኛው ክፍል ምን ተብሎ እንደሚወጣ የሚወስነውን ሰንጠረዥ) አስተካክሉ።

የርዕስ ሰሌዳው ላይ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ በድሮው፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ተጽፏል፤ በኒያላ እንደገና ይጻፍ።